ዋሻ የምትፈራው አስጎብኚ

የኮሬጊዶር ደሴት አስጎብኚዎች ሁሉ አንዳንድ አመል አለባቸው። አንዱ ይጠጣል። አንዱ ከቆንጆ ጎብኚ ጋር ፎቶ ካልተነሳ ቤቱ አይገባም። አንዷ ደግሞ ስለ ዛጉት መድፎች ስታወራ ልጆቿ የሞቱባት ይመስል ታነባለች። የማናንግ ቲካ አመል ግን ለብዙ ዓመት ማንም ያልደረሰበት ነበር። ማናንግ ቲካ ፈሪ ናት። ጨለማ ትፈራለች፣ ጠባብ ቦታ ትፈራለች፣ ሬሳ ትፈራለች፣ ሬሳ የነበረበትን ቦታ ደግሞ ከሬሳው አብልጣ ትፈራለች። እንዲህ ያለች ሴት ታዲያ ኑሮዋን የምትገፋው በዓለም ጦርነቱ ጊዜ ሰው እንደ ቅጠል በረገፈበት ደሴት ላይ፣ ሆስፒታልም ምሽግም መቃብርም በሆነ ዋሻ ውስጥ ሰው እየመራች ነበር።

ሙሉ ስሟ ኤስኮላስቲካ ነው፤ ይህን ስም ግን ከቄሱ በቀር የጠራው የለም። ታናናሾቿ «ማናንግ» ይሏታል፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት። የተወለደችው በሰሜን፣ በኢሎኮስ አገር፣ ባዶክ ነው። እናቷ ኮምጣጤ ትሸጥ ነበር። ኮምጣጤ ሊገዛ የመጣ ሰው ማሰሮው እስኪሞላ መቆሙ አይቀርም፣ ከቆመ ደግሞ ወሬ ሳይጥል አይሄድም። ቲካ ከማሰሮዎቹ ኋላ ተቀምጣ ያደገችው ይህን ስትለቅም ነው። የማን ሚስት የት እንደታየች፣ የማን አሳማ በማን ጓሮ እንደጠፋ፣ ማን ታሞ ማን እንዳስመሰለ፣ ሁሉንም ከከተማው ቀድማ ታውቅ ነበር። ኋላ አንድ የጀልባ ሞተረኛ አግብታ ወደ ደቡብ፣ ከደሴቱ ማዶ ወዳለችው ማሪቬሌስ ወረደች። ሰውየው ለሥራ ሳዑዲ ሄደና እዚያው ሌላ ጎጆ ቀለሰ። የሰውን ሁሉ ቀድማ የምትሰማው ቲካ የራሷን ወሬ ከመንደሩ መጨረሻ ሰማች።

ከዚያ በኋላ ደሴቱ ወደብ ላይ ቅቅል ኦቾሎኒ ትሸጥ ጀመር። አንድ ቅዳሜ አስጎብኚው በትኩሳት ወደቀ። እንግዶቹ በፀሐይ ተገትረው ይነጫነጫሉ። አለቃው ግራ ቀኙን ቢያይ ሰው የለም።

«አንቺ፣ አፍ አለሽ አይደል?» አላት።

«ሞልቶ!»

«በይ ነይ፣ ግቢ።»

የአስጎብኚውን ንግግር ኦቾሎኒዋን እየሸጠች በጆሮዋ ለቅማው ስለነበር ሳትደናቀፍ ተወጣችው። ዋሻው አፍ ላይ ስትደርስ ግን እግሯን ተከለች። ዋሻው የተፈለፈለበት ኮረብታ ማሊንታ ይባላል፣ አልቅት የበዛበት ማለት ነው። ውስጡ አንድ ረጅም መንገድ ነው፤ ከግራና ከቀኙ ደግሞ እንደ ዓሣ አጥንት ቅርንጫፍ ዋሻዎች ይወጣሉ። ግማሾቹ ተንደው ቀርተዋል፣ ግማሾቹ ውስጥ የወታደርና የበሽተኛ ሐውልት ቆሟል። እንግዶች ሲገቡ ከድምፅ ማጉያ የቦምብ ድምፅ ይለቀቃል፣ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ነገር ይጠፋል። ዓይን ተከፈተ ተጨፈነ ልዩነት የለውም።

ቲካ ያን ጊዜ አንድ ዘዴ ዘየደች። መብራቱ ሊጠፋ ሲል አጠገቧ ያለውን ሰው እጅ ጥብቅ አድርጋ ትይዝና «አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ አሁን ይበራል» ትላለች። ስንቱ ጎብኚ «እንዴት ያለች አዛኝ ሴት ናት!» እያለ ወደ ማኒላ ተመለሰ። ማን ማንን እንዳጽናና የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ብቻዋን ደግሞ፣ ለአንድ አፍታም ቢሆን፣ ገብታ አታውቅም።

ነገሩን ያባባሰችው ራሷ ናት። አንድ ዝናባማ እሁድ የድምፅ ማጉያው ተበላሸና የባንክ ሠራተኞች ማዛጋት ጀመሩ። ቲካ ሰው ሲያዛጋባት አትወድም። እዚያው ቆማ አንዲት ነጭ የለበሰች ነርስ ፈጠረች። ነርሷ በጨለማው ውስጥ በነጠላ ጫማ እየተራመደች በሽተኞቿን በስም ትጠራለች፣ አቤት ያለ አብሯት ይሄዳል። ባንከኞቹ ማዛጋታቸውን ትተው ተጠጋጉ። ዓመት ሳይሞላ ሌሎቹ አስጎብኚዎች ነርሷን እያወሩ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ መብራተኛው የነጠላ ጫማዋን ድምፅ ሰማሁ ብሎ በቅዱሳኑ ሁሉ ስም ማለ። ቲካ መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ስትተኛ ግን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። «እኔ ፈጠርኳት እንበል፤ እሱ የሰማው ታዲያ ምንድን ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ የገዛ ነርሷን ከሁሉም አብልጣ ትፈራለች።

የነጭ ሽንኩርት ነጋዴዎቹ የመጡት ምርት በተሰበሰበ ማግስት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ከሲናይት፣ ከባዶክ ቀጥሎ ካለችው ከተማ፣ ማኅበራቸውን ይዘው ሊዝናኑ መጥተዋል። ጀልባው ከማኒላ ገና ሳይርቅ ሽታቸው የባሕሩን ሽታ አሸነፈው። መሪያቸው ማናንግ ፓሲንግ የምትባል፣ ሰውነቷም ሳቋም ሁለት ወንበር የሚይዝ ሴት ነበረች። ከማኒላ ጀምራ አብራቸው የተሳፈረችው ቲካ ንግግሯን ልትጀምር አፏን ስትከፍት ፓሲንግ ከወንበሯ ተነሳች።

«አንቺ! ይሄ ዜማ የኛ አገር ነው። ከየት ነሽ?»

«ከባዶክ።»

«ጎረቤት! እና እዚህ ውሃ መሃል ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሙታን እጠብቃለሁ።»

«ይከፍላሉ?»

«ያሉትም አልከፈሉኝ፣ እንኳን ሙታኑ።»

ጀልባው በሳቅ ተናጋ። ቲካ ስንት ዘመን በቋንቋዋ አልቀለደችም፤ ልቧ ሞቀ፣ ምላሷ ተፈታ። ነርሷን አወጣችላቸው፣ ያውም አሳምራ፣ የነጠላ ጫማዋን ድምፅ በመዳፏ እያጨበጨበች።

«እኛ ዘንድ ድርሽ አትልም» አለች ፓሲንግ። «ሽታችን ብቻ ማኒላ ድረስ ያባርራታል!»

ከሁሉም ያልሳቁት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አፖ ቡርሲዮ ይባላሉ፤ «አፖ» የአክብሮት ነው። ከልጃቸው ከኒላ አጠገብ፣ አንድ የሸራ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል።

«ስም ጠርታ ነው የምትወስደው?» ብለው ጠየቁ።

«አዎ አፖ፣ ስም ጠርታ። አቤት ካሉ አለቀ።»

«ወታደሮቹን ብቻ?»

«ያገኘችውን ነዋ!» አለች ቲካ፣ ሳቅ ፍለጋ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ባሕሩ ዞሩ።

ደሴቱ ላይ ጎናቸው ክፍት በሆነ ሁለት አውቶቡሶች ዞሩ። በፊተኛው ሴቶቹ፣ በኋለኛው ወንዶቹ፤ አፖ ቡርሲዮም ከወንዶቹ ጋር። መድፉን አዩ፣ የፈረሰውን የጦር ሰፈር አዩ፣ ከዝንጀሮዎቹ ጋር ሙዝ ተነጣጠቁ። ዋሻው ጋ ሲደርሱ ሁሉም ወረዱ። አፖ ቡርሲዮ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሱም።

«ጉልበቴ እምቢ ብሏል። እዚሁ ልቀመጥ» አሉ ለልጃቸው።

«ደግ አደረጉ አባባ» አለች ኒላ። አውቶቡሶቹ ኮረብታውን ዞረው በሌላው የዋሻ አፍ ስለሚጠብቁ የሚያሳስብ ነገር አልነበረም። ቲካ ወደ ዋሻው ዞራ ልቧን በማረጋጋት ላይ ስለነበረች ይህን አልሰማችም።

ሰዉ ገብቶ ሲያልቅ፣ የኋለኛው አውቶቡስ ሾፌር ባልዶ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ሽማግሌው ድንገት ቦርሳቸውን ይዘው ወረዱ።

«ልግባ መሰለኝ።»

«ይግቡ እንጂ አፖ፣ ይድረሱባቸው» አለ ባልዶና ነድቶ ሄደ።

ውስጥ ቦምቡ ጮኸ፣ መብራቱ ተብለጨለጨ፣ ጠፋ። ቲካ የፓሲንግን እጅ አነቀች።

«እጅሽ ምነው እንደ ዓሣ ይሙለጨለጫል?»

«ሙቀቱ ነው፣ ማናንግ።»

በሌላው አፍ ወጥተው ፀሐይ ሲያገኙ ቲካ የደስታ ስካር ይዟት ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን እንግዶቿን በጣቷ ትቆጥራለች። እነዚህ ግን ያገሯ ልጆች ናቸው፣ ያገሯ ልጅ ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቦታ ሲወጣ በጣት አይቆጠርም። በኢሎኮስ ሰው ከወንዝ፣ ከጫካ ወይም ከመቃብር ሲነሳ ስሙ ተጠርቶ «ና፣ እንሂድ፣ እንዳትቀር» ይባላል፤ ገላው ሲሄድ ነፍሱ ተዘናግታ እንዳትቀር ነው። ጨቅላ ከሆነ እናቱ በሱ ፈንታ «መጣሁ» ትላለች። ብቻ የተጠራ ስም ሳይመለስለት መቅረት የለበትም።

ቲካ ጀልባው ላይ ያጠናችውን ስም እያነሳች ከዋሻው አፍ ተጣራች።

«ፓሲንግ! ነይ፣ እንሂድ፣ እንዳትቀሪ!»

«መጣሁ! ሲሶዬ ቀድሞ ወጥቷል!»

«ኒላ! ነይ፣ እንሂድ፣ እንዳትቀሪ!»

«መጣሁ!»

«አፖ ቡርሲዮ! ይምጡ፣ እንሂድ፣ እንዳይቀሩ!»

ኒላ አባቷ አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጡ ነው የምታውቀው። ነፍሳቸው ግን ሰው ተከትላ ገብታ እንደሆነ ማን ያውቃል? ነፍስ ጉልበቷን አያማትም። ስለዚህ በአባቷ ፈንታ፣ በሙሉ ድምፅ «መጣሁ!» አለች። ቲካ ደግሞ የልጅቱን ድምፅ ስትሰማ ሽማግሌው ሰዉ መሃል ከልጃቸው ጎን ቆመው ለመጮህ የደከማቸው መሰላትና ወደ ቀጣዩ ስም አለፈች።

መብራተኛው ዋሻውን አጠፋ፣ የብረቱን በር ገጠመ። የዕለቱ የመጨረሻ ቡድን እነሱ ነበሩ።

ወደቡ ላይ መክሰስ ነበር፣ ዘፈን ነበር፣ ፎቶ ነበር። ወንዶቹ አፖ ቡርሲዮ ከልጃቸው ጋር ናቸው አሉ፣ ልጅቷ ከወንዶቹ ጋር ናቸው አለች፤ ያሉት ግን በየልባቸው ስለነበር ማንም ማንንም አልሰማም። ነፋሱ ተነሳ። ባሕሩ ላይ ነጭ ነጭ አረፋ መታየት ጀመረ። ካፒቴኑ መለከቱን ነፋና ግቡ አለ። ያን ጊዜ ኒላ የደም ግፊት ኪኒን በአንድ እጇ፣ ውሃ በሌላው ይዛ ወደ ወንዶቹ መጣች።

«አባባ የታሉ? መድኃኒታቸው ደርሷል።»

«ካንቺ ጋር አይደሉ?»

«ከኔ? ከናንተ ጋር እንጂ!»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ሾፌሩ ባልዶ ወደነሱ ጠጋ አለ።

«እንዴ! ዋሻው ገቡ እኮ። እናንተን ተከትለው።»

የኒላ ኪኒን መሬት ወደቀ። ወደ ቲካ ዞረች።

«አንቺ ስትጠሪያቸው... ነፍሳቸውን የጠራሽ መስሎኝ...»

«እኔ ሰውየውን ነው የጠራሁት!»

«እኔ ደግሞ በሳቸው ፈንታ...» አለችና መጨረስ አቃታት። ትንፋሿ ያፏጭ ጀመር፤ አስም አለባት።

«አልጠብቅም» አለ ካፒቴኑ። «ይህን ማዕበል ታዩታላችሁ። ጥቂት ከቆየን ማኒላን የምናያት ነገ ነው።»

ፓሲንግ አንድ ቃል ሳትናገር ሄዳ የጀልባው መሸጋገሪያ ጣውላ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች።

«ረግጠኸኝ ሂድ» አለችው። «ሥጋዬ ብዙ ነው፣ ይመችሃል።»

መብራተኛው ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ሮጠ፤ ያ ሞተር አንዴ ከቀዘቀዘ ግን እንደ ሙሽራ ስንት ተለምኖ ነው የሚነሳው። ሌሎቹ አስጎብኚዎች ባሕሩን ያጠኑ ጀመር። አንዱ ደፍሮ «ማናንግ ቲካ፣ አንቺ አብጠርጥረሽ ታውቂው የለ» አላት።

ቲካ «እኔን ተወኝ» ልትል ነበር። ግን ስማቸውን የጠራችው እሷ ናት። ጠርታ ጥላቸው ሄዳለች። የእጅ ባትሪ ነጥቃ የባልዶ መኪና ላይ ወጣች።

ዋሻው አፍ ሲደርሱ ባልዶ መሪውን እንደያዘ ቀረ።

«አትመጣም?»

«መኪናውን ማን ይጠብቅ?»

«ማን ይሰርቅሃል፣ ዝንጀሮ?»

«ዝንጀሮ አትናቂ፣ ማናንግ።» ፊቱ እንደ ሰም ነጥቶ ነበር። እሱም የነርሷን ወሬ ጠንቅቆ ያውቃል።

የብረቱን በር ገፋችው። ተንቋረረ። ቀዝቃዛ አየር ከውስጥ መጥቶ ፊቷን ዳበሳት። ቀን በቀን ሰው እየነዳች የምትገባበት ቦታ አልመስላት አለ። ያኔ ሳቅ ነበረ፣ የሰው ላብ ነበረ፣ የሚያዝ እጅ ነበረ። አሁን የባትሪዋ ብርሃን ሰሃን የምታህል ክብ ሆና ግድግዳው ላይ ትንቀጠቀጣለች። ውሃ ጠብ ይላል። የሌሊት ወፍ ሽው አለ። ብርሃኑ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ሲያመልጥ የተዘረጋ እጅ አየችና ወደ ኋላ ዘለለች። ሐውልት ነው። ስንቴ አብራው ፎቶ ተነስታለች። ቢሆንም ጀርባዋን ልትሰጠው አልደፈረችም፤ ዓይኗን ሳትነቅል በጎን በጎኑ አለፈችው።

«አፖ ቡርሲዮ!»

ዋሻው ድምፅዋን ተቀብሎ እየሰባበረ መለሰላት። ሌላ መልስ የለም።

ወደ ውስጥ ገባች። እንደገና ጠራች። ዝም። ቀጥሎ ከፊቷ፣ ከቀኝ በኩል፣ የሆነ ነገር ተንፏቀቀ። ቆመች። እሱም ቆመ። ተራመደች። ድንጋይ ተንኮሻኮሸ። ቆመች። ፀጥ።

ባትሪዋ መደብዘዝ ጀመረች። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣላት፦ ብትመለስስ? «አየሁ፣ የሉም» ብትልስ? ማን ይመሰክርባታል? እግሯ ከሐሳቧ ቀድሞ ዞሯል። አንድ ሁለት እርምጃ ወደ መውጫው ተራመደችም። ይህን ኋላ ላይ ለማንም አልተናገረችም፣ ለፓሲንግ ብቻ ነው፤ ለፓሲንግ ከተነገረ ደግሞ ሲናይት በሙሉ ሰምቷል ማለት ነው።

ያቆማት ሽታ ነው። በእርጥቡ ድንጋይና በሌሊት ወፉ ኩስ መሃል የነጭ ሽንኩርት ሽታ መጣ። መንፈስ ሽንኩርት አይሸትም። ሰውየው እዚህ፣ ጥቂት ወረድ ብሎ፣ ባልተጠረገው ቅርንጫፍ ውስጥ ናቸው። ታዲያ ለምን አይመልሱም? ሞተዋል?

«አፖ! አፖ ቡርሲዮ! እኔ ነኝ!»

በጣም ቀስ ያለ ሹክሹክታ ሰማች። ጆሮዋን አቀናች። ጸሎት ነው። ሰውየው በሕይወት አሉ፣ ይጸልያሉ፣ የሚጸልዩትም ከሷ እንዲያድናቸው ነው!

ያኔ ገባት። በጨለማ ዋሻ ውስጥ የሴት ድምፅ ስማቸውን ይጠራል። አቤት ካሉ አለቀ፤ ያለቻቸው ራሷ ናት። ምራቅ ቢኖራት ትስቅ ነበር።

«አፖ፣ ነርሷ አይደለሁም! ቲካ ነኝ፣ አስጎብኚዋ!»

ጸሎቱ ፈጠነ። ልክ ናቸው፤ ነርሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው። ብትጠጋ ደግሞ በድንጋጤ ልባቸው ቀጥ ትል ይሆናል፤ ግፊት አለባቸው። ቲካ ጨለማው ውስጥ ቆማ የኮምጣጤ ማሰሮዎቹን ዘመን አሰበች። መንፈስ የማይናገረው፣ የባዶክ ሰው ብቻ የሚናገረው ምን አለ?

«ኧረ ለመሆኑ» አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የሲናይት ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሽንኩርት ነው ብላችሁ ነው? ባዶክ ላይ ለአሳማ ነው የምንጥለው!»

ጸሎቱ ቆመ።

«ልጣጩ ብዙ፣ ፍሬው የወፍ ጥርስ! እሱም አልበቃ ብሎ የቻይናውን ትቀላቅሉበታላችሁ!»

«ማነው የቻይና የሚቀላቅል?» አለ ከጨለማው አንድ የተቆጣ ድምፅ። «ማነው? እስቲ ስሙን ጥሪ!»

ቲካ ግድግዳ ተደግፋ ተንሸራትታ ተቀመጠች። አለቀሰች እንበል፣ ሳቀች እንበል፣ እሷም አታውቀውም።

አፖ ቡርሲዮ ፍርስራሹ መሃል ቁርጭምጭሚታቸው በሁለት ድንጋይ መካከል ገብቶ ተቀምጠዋል። ፊታቸው የጠፋ ሻማ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ፣ አንድ ጠርሙስ የሸንኮራ ጠጅ፣ የተጠቀለለ ትንባሆ። ለሙት የሚቀርብ ማዕድ ነው። ቲካ ድንጋዩን እየጎተተች ጠየቀቻቸው።

«ለማን ነው አፖ?»

«ለታሲዮ፣ ለታላቄ። በጦርነቱ እዚህ ገባ፣ አልወጣም። እናቴ እስክትሞት ሳህኑን ማዕዱ ላይ ታስቀምጥ ነበር። እኔም መሞቴ ነው፣ ጠርቼ ልውሰደው ብዬ።»

«ታዲያ ከሰው ጋር አይገቡም?»

«ፓሲንግ ፊት ላልቅስ? መቃብሬ ድረስ ስም አውጥታ ነው የምትሸኘኝ።»

«ይህስ እውነት ነው» አለች ቲካ።

«ጠራሁት፣ ጠራሁት» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ የሴት ድምፅ የኔን ስም ጠራ። እሱን ልወስድ መጥቼ እኔን ሊወስዱኝ ነው አልኩ። ፈራሁ፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ መፍራት አለ ብዬ አላስብም ነበር።»

«እኔም» አለች ቲካ። ለሰው ስታምን የመጀመሪያዋ ነው።

እግራቸው ወጣ። ደግፋቸው ጥቂት እንደሄዱ ዋሻው ፈነዳ። ከላይም ከታችም ነጎድጓድ ሆነ፣ ቀይ ብልጭታ ግድግዳውን ላሰው፣ ሐውልቶቹ ሁሉ ባንዴ ከየጉድጓዳቸው ብቅ አሉ። ቲካ መሬት ላይ ተዘረጋች፤ ሽማግሌው በላይዋ ወድቀው በገላቸው ከለሏት።

«አፍሽን ክፈቺ!» ብለው ጆሮዋ ላይ ጮኹ። «አፍሽን ክፈቺ፣ ጆሮሽ እንዳይበጠስ!» እጃቸው የራስ ቅሏን ወደ መሬት ይጫናል። በልጅነታቸው የተማሩት ነው፤ ገላቸው አልረሳውም።

መብራተኛው ነው። ጄኔሬተሩን አስነስቶ፣ ከመጣደፉ ብዛት ከመብራቱ ጋር ቦምቡንም ለቆታል። ቲካ ይህን ድምፅ ለዓመታት ሰምታዋለች፣ የትኛው ፍንዳታ የትኛውን እንደሚከተል በአፏ ትለዋለች። የሽማግሌው ልብ ጀርባዋ ላይ ሲደልቅ ግን የሰማችው ሌላ ነገር ነው። ድምፁ እስኪቆም ድረስ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ አፖ ቡርሲዮ ዞረው ቆሙ።

«ታሲዮ! ና፣ እንሂድ፣ እንዳትቀር!»

ጠበቁ። ቲካን አዩዋት። ስም ተጠርቷል፣ ሰው መመለስ አለበት፣ ሌላ ሰው ደግሞ የለም። ቲካ ወደ ጨለማው አየች። በሕያው ሰው ፈንታ መመለስ ቀላል ነገር ነው፤ በዚህ ዋሻ ውስጥ ለቀረ ወታደር መመለስ ግን ተነስ ና ማለት ነው፤ ከመጣ ደግሞ አብሯት መኪና ሊገባ ነው! ሽማግሌው አሁንም ያዩዋታል።

«መጣሁ» አለች፣ የትንኝ ያህል በቀጠነ ድምፅ።

«ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለ ባልዶ ከመኪናው ሆኖ።

ማንም አልመለሰለትም። ሦስቱም ከፊት ተጠጋግተው ተቀመጡ። የኋላው ወንበር ሁሉ ባዶ ነበር፤ እስከ ወደቡ ድረስ ማንም ዞሮ አላየውም።

ፓሲንግ ጣውላው ላይ እንዳለች ነበረች፤ ካፒቴኑ አጠገቧ ተቀምጦ ኦቾሎኒ ይበላል። ኒላ አባቷን መጀመሪያ በሲሊፐሯ መታቻቸው፣ ቀጥላ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ጀልባው እየተላጋ ማኒላ ሲደርስ ግማሹ ሰው አስመልሶት ነበር። ቲካም አብራቸው ተሳፍራ ነበር፤ እሷን ግን አላስመለሳትም።

አለቃው በማግስቱ ብዙ ጮኸባት። አላባረራትም፤ እንደሷ ያለ አፍ ከየት ያመጣል? ነርሷን ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ አላወጣችም። ሌሎቹ ያወራሉ፣ እሷ እንግዶቹ ቢጠይቋትም «እሱን አላውቅም» ብላ ወደ መድፎቹ ታልፋለች።

ስም መጥራቷንም አልተወችም፤ ግን እያንዳንዱ ሰው በገዛ አፉ እስኪመልስ፣ ገላውን በዓይኗ እስክታይ አታልፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፊት መሄድ አቆመች። ከፊት የሚሄድ ሰው ከኋላ ማን እንደቀረ አያውቅም። አሁን እንግዶቿን ሁሉ ታስቀድምና ከመጨረሻው ሰው ኋላ እሷ ትገባለች። የምትይዘው እጅ የለም፤ ጨለማው በሙሉ ያለው ከጀርባዋ ነው። ፍርሃቱ ለቋት እንደሆነ የሚጠይቋት አሉ። አለቀቃትም። ዋሻው ውስጥ የምትሄደው ጀርባዋን ግድግዳ ላይ ለጥፋ፣ በጎን በጎኗ፣ እንደ ሸርጣን ነው፤ በየቅርንጫፉ አፍ ስትደርስ ባትሪዋን ታበራና ማንም አለመቅረቱን ታያለች። ከማኒላ የሚመጡት ወጣቶች ይስቁባታል። እሷ ዓይኗን ከጨለማው ሳትነቅል «ሂዱ፣ ሂዱ፣ አለሁ ከኋላችሁ» ትላቸዋለች።